ትራንስፖዝ የሌለው ፒያኖ

ዘውድነሽን በሰርግ ያያት ሰው መጀመሪያ የሚያስታውሰው ግራ እጇን ነው። ዘፋኙ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ቀኝ እጇ ጥቁሮቹ ቁልፎች ላይ ይቀመጣል፤ ግራዋ ወደ ኦርጋኑ ጥግ ይሄድና አንዲት ትንሽ መጫኛ ይነካል። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም ሦስት። ከዚያ ዘፈኑ ይጀመራል።

መጫኛዋ ትራንስፖዝ ትባላለች። ሥራዋ ቀላል ነው። ተጫዋቹ ጣቱን ከለመደው ቦታ ሳያነሣ የኦርጋኑን ድምፅ በሙሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትወስድለታለች። ዘፋኙ ቀጭን ድምፅ ካለው ወደ ላይ፣ ጎርናና ከሆነ ወደ ታች። ጣት ግን ያው የትናንት ቦታው ላይ ነው። በየሰርጉ አዲስ ዘፋኝ ለሚገጥመው ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ዘውድነሽ የዳንግላ ልጅ ናት። ኦርጋን ያስተማራት ታላቅ ወንድሟ ደሴ ነው። ደሴ ከጓደኞቹ ጋር የሰርግ ባንድ አቋቁሞ ነበር፤ ባንዱ ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ፣ እሱም መኪና መንዳት ተማረና ሄደ። ኦርጋኑ ቤት ቀረ። ደሴ ከመሄዱ በፊት አቧራ ከሚጠጣ ብሎ ለእህቱ አሳያት። ትምህርቱም አጭር ነበር።

«አምስቱን ጥቁሮች ያዢ። ነጮቹን እርሺያቸው። ትዝታ ሙሉው እዚህ ውስጥ አለልሽ።»

«ዘፋኙ ከዚህ ካልገጠመልኝስ?»

«ያቺን መጫኛ ትጫኛለሽ። ይገጥምልሻል።»

ደሴ የተናገረው ትክክል ነው። አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ብቻቸውን የትዝታን ቅኝት ይሰጣሉ፤ እነሱን የያዘ ጣት የሚስትበት ቦታ የለውም። ዘውድነሽ በዚያች ትምህርት ሠርታ በላች። በመጀመሪያው ሰርግ ድንኳን ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቀርበው፣ «ይሄን የሚነፋው ሰውዬ የት ሄደ?» ብለዋት ነበር።

«ኦርጋን አይነፋም አባባ። ሰውየውም እኔ ነኝ» አለቻቸው።

ሽማግሌው እየሳቁ ተቀመጡ፤ ማታ ሲሄዱም «ሰውዬው ደህና እደር» ብለዋት ወጡ። ስሙ ለጥቂት ጊዜ ተለጥፎባት ቆየ።

ነጋን አግብታ ወደ እንጅባራ መጣች። ነጋ ዶሮ አርቢ ነው፤ ጫጩት አስፈልፍሎ ይሸጣል። እሷ ከባጃጅ ተራው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይታ ልጆች ማስተማር ጀመረች። ያስተማረቻቸውም እንደተማረችው ነው፦ መጀመሪያ ዘፋኙን አዳምጡ፣ ከዚያ መጫኛዋን ተጫኑ፣ ከዚያ አምስቱን ጥቁሮች ያዙ። ልጆቹ ፈጥነው ይጫወታሉ፣ ወላጆችም ደስ ይላቸዋል። በዓመት በዓል ከአንዱ ቤት ትዝታ ሲወጣ ከተሰማ የዘውድነሽ ተማሪ አለ ማለት ነው። ከሁሉም ጎበዟ ሶስና ነበረች፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ጣቷ ፈጣን፣ አፏ ከጣቷ የፈጠነ።

በሰርጉ ሥራ ደግሞ እማማ እታለማሁ ነበሩ።

እታለማሁ ከዘንገና ሐይቅ ማዶ ድንችና ገብስ የሚያመርቱ እናት ናቸው። አዊኛና አማርኛ እኩል ይናገራሉ፤ የሙሽራ መሸኛውን በአዊኛ ሲያወጡ ግን የሚተካከላቸው የለም። ዘውድነሽ ያገኘቻቸው አዘና ላይ በአንድ ሰርግ ነው። ጄኔሬተሩን ድንኳኑ ሥር አስቀምጠውት ይጮሃል፣ ድምፅ ማጉያው ይፏጫል፣ ሴትዮዋ ይዘፍናሉ፣ የሚሰማቸው የለም። ዘውድነሽ ግራ እጇን ሰድዳ መጫኛዋን ሦስት ጊዜ ተጫነች። እታለማሁ ወደ ላይ ተከትለው ሄዱ፤ ድምፃቸው ከጄኔሬተሩ በላይ ወጣ፤ ድንኳኑ በእልልታ ተናወጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእታለማሁ ሦስት ነው። ሌላ ሰርግ፣ ሌላ ቀበሌ፣ ዓመት ሲመላለስ፣ ሁልጊዜ ሦስት። ዳግመኛ የፈተሸው ሰው አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። የክፍሏ ባለቤት ልጃቸው ፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍትበት ስለሆነ ቦታውን እንድትለቅላቸው ጠየቋት። ተቆጥተው አይደለም፣ ጊዜም ሰጥተዋታል። ግን እንጅባራ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኦርጋን የሚያንጫጩ ልጆች የሚገቡበትን ክፍል ማን ያከራያል? አንዷ አከራይ «በግ ብታረቢ ይሻለኛል፤ በግ ሲመሽ ዝም ይላል» ብላታለች። ክፍል ካላገኘች ማስተማሩ ይቆማል። ነገሩ ይኸው ነው።

በዚያው ሰሞን ለአዲሱ የሰፈር የባህል አዳራሽ ፒያኖ መጣ። ባሕር ዳር ያለ አንድ ሆቴል ሲታደስ ለአዳራሹ የሰጠው ነው፤ የቆመ፣ ቡናማ፣ ከባድ። በአይሱዙ ከድንች ከረጢት ጋር ተጭኖ መጣ። ሲያወርዱት አንደኛው ተሸካሚ «ውስጡ ሰው አለ እንዴ?» እያለ ነበር። አዳራሹን የሚያስተዳድረው ብሥራት የሚባል ወጣት ነው፤ ዘውድነሽን በሰርግ ያውቃታልና ደወለላት።

«ከመድረኩ ጀርባ አንድ ክፍል አለ» አላት። «ፒያኖው እዚያ ገብቶ አንቺ ብታስተምሪበት እኔ ደስ ይለኛል። ግን ጋሼ ምንይችልን ማሳመን አለብሽ።»

አቶ ምንይችል የአዳራሹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ወንበርና ድንኳን ማከራየት የሚያውቁ፣ ዕቃ ሲበላሽ የሚያማቸው ሰው ናቸው። ክፍሉን ለወንበር ማስቀመጫ ነበር ያሰቡት።

«ወንበር ሰው ይቀመጥበታል» አሉ ፒያኖውን እየዞሩት። «ይሄ ቁም ሣጥን ምን ይሠራል?»

«ዘፈን ይሠራል ጋሼ» አለ ብሥራት።

«የማን ዘፈን? የፈረንጅ ከሆነ ማን ይሰማዋል?»

«የእኛን» አለች ዘውድነሽ። «የሙሽራ መሸኛውን። እማማ እታለማሁ እየዘፈኑ።»

ምንይችል እታለማሁን ያውቃሉ፤ የልጃቸውን ሰርግ የሸኙላቸው እሳቸው ናቸው። ትንሽ አሰቡና ፈረዱ። አዳራሹ በጥቅምት ይመረቃል። በምረቃው ዕለት ይሄ ፒያኖ የሙሽራ መሸኛውን አስተካክሎ ከተጫወተ ክፍሉ ለትምህርት ይሆናል። ካልሆነ ወንበር ይገባበታል። ብሥራት ፍርዱ ተገቢ ነው አለ፤ ዘውድነሽም ተስማማች። ምን ያስቸግረኛል ብላ ነበር የተስማማችው።

ሰዎቹ ሲወጡ ክዳኑን ከፈተችና ተቀመጠች። ቀኝ እጇ ጥቁሮቹን አገኘ። ግራ እጇ ሦስቱን ሊጫን ወደ ጥግ ሄደ፤ ያገኘው እንጨት ነው። እንደገና ዳሰሰች፤ እንጨት ነው። ጎንበስ ብላ ከሥር አየች፣ ተነሥታ ከኋላ አየች።

«ምን ጠፋብሽ?» አለ ብሥራት ከበሩ።

«ምንም» አለች።

በማግስቱ ሶስናን ይዛት መጣች፤ በምረቃው ዕለት የወፍራሙን ድምፅ ወገን የምትጫወተው እሷ ነበረችና። ልጅቱ ገና ሳትቀመጥ እጇን ወደ ጥግ ሰደደች።

«ቲቸር፣ ትራንስፖዙ የት ነው?»

«የለውም።»

«ታዲያ በምን ይጫወቱበታል?»

«በጣት።»

ሶስና ጣቶቿን ዘርግታ አየቻቸው፤ ከዚያ ዘውድነሽን አየቻት። 

ነገሩን በሥራ ቋንቋ እንየው። እታለማሁ ሦስት ወደ ላይ ናቸው። ሦስት ወደ ላይ በፒያኖ ላይ ሲወጣ አምስቱ ጥቁሮች ቀርተው ሦስት ነጭና ሁለት ጥቁር ይሆናል። በዝግታ ከሆነ ማንም ይይዘዋል። የሙሽራ መሸኛው ግን በዝግታ አይሄድም፤ ዘፋኟ ሐረጉን ሲጥሉ ተቀባዩ ይመልሳል፣ በመካከሉ ጣት ታጥፎ መመለስ አለበት። የዘውድነሽ ጣት እዚያች እጥፋት ላይ ሲደርስ በራሱ ጊዜ ወደ ጥቁሮቹ ይሸሻል። የሶስናም እንዲሁ። መምህርና ተማሪ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ይወድቃሉ፤ መንገዱን ያሳየቻት እሷ ናትና።

ፒያኖውም ራሱ አልረዳቸውም። የእንጅባራ ጉም ውስጡ ገብቶ እንጨቱን አሳብጦታል፤ የተጫኑት ቁልፍ ወርዶ ይቀራል፣ በጣት እያነሡ መመለስ ነው። ዘውድነሽ ስልኳ ላይ ስታነብ መድኃኒቱ ሙቀት እንደሆነ አገኘች፤ ትንሽ አምፖል ከታች አስገብቶ ማብራት። ገበያ ወጥታ ጠየቀች። ሁሉም የሚሸጠው ያንን አዲሱን ኤልኢዲ ነው፤ ያበራል እንጂ አያሞቅም። እያጉረመረመች ቤት ገባች።

«የሽቦ አምፖል ነው የፈለግሽው?» አላት ነጋ። «ጫጩቶቹን የሚያሞቃቸው ምን መሰለሽ?»

አንዷን ነቅሎ ሰጣት። የፒያኖውን የታችኛውን ሳንቃ ፈትታ፣ አምፖሏን ከእንጨቱ አርቃ በሽቦ አሰረቻትና አበራቻት። ከሰነበተች በኋላ ቁልፎቹ እየተፈቱ መጡ። ነጋ ሊያይ መጥቶ ጆሮውን ሳንቃው ላይ ለጠፈና «ገና አልተፈለፈለም» አላት።

ቁልፎቹ ተፈቱ፤ ጣቶቹ ግን አልተፈቱም። ምረቃው ቀረበ። አንድ ቀን ጨነቃትና አቶ ምንይችልን ጠየቀቻቸው፦ ኦርጋኔን ጎኑ አስቀምጬ በእሱ ብጫወትስ?

«በኦርጋን የሚዘፈን ከሆነማ» አሉ፣ «ለቁም ሣጥኑ ምን ክፍል ያስፈልገዋል?»

ልክ ናቸው።

ስለዚህ ወደ ዘንገና ሄደች። ለእታለማሁ እውነቱን ልትነግራቸው ነው፦ አልቻልኩም፣ ሌላ ዘፈን እንፈልግ፣ ያ ካልሆነ ይቅርብን። ስልክ ብትሞክር ኔትወርክ እምቢ አለ። በባጃጅ እስከ መገንጠያው ደረሰች፤ ከዚያ ወዲያ የእግር መንገድ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃው ጫማዋን ይስባል። የታሰረ ፈረስ አልፋ፣ ለከሰል የሚተከለውን የዲከረንስ ዛፍ ጥግ ይዛ፣ ከእታለማሁ የቀርከሃ አጥር ዘንድ ስትደርስ አንድ ድምፅ ሰማች።

የሴት ድምፅ ነው፤ ወፍራም፣ የረጋ፣ ከደረት የሚወጣ። የሙሽራ መሸኛውን ነው የሚዘፍነው። ዘውድነሽ ማን ይሆን ብላ በአጥሩ ክፍተት አየች። እታለማሁ ጎንበስ ብለው ድንች እየቆፈሩ ነው። ሌላ ሰው የለም።

ዘውድነሽ አልገባችም። ስልኳን አወጣች፤ የፒያኖ አፕሊኬሽን አለበት። ድምፁን ቀንሳ አንዱን ጥቁር ነካች። ሁለተኛውን ነካች። ሴትዮዋ ሐረጉን ሲጥሉ አብራ ሄደች፣ እጥፋቷ ላይ ስትደርስ ጣቷ ወደ ጥቁሮቹ ሸሸ፤ ዘፈኑም እዚያው ነበረ። እንደገና ሞከረች። አልሳተም። ትራንስፖዝ ሳይነካ፣ አምስቱ ጥቁሮች፣ የደሴ ትምህርት እንዳለ።

«ማነሽ አንቺ? አጥሬን ምን ታደርጊዋለሽ?» አሉ እታለማሁ ቀና ብለው።

«እኔ ነኝ እማማ። ዘውድነሽ።»

«ታዲያ በር የለኝም?»

ገባች። ጉልበታቸውን ልትስም ስትል ትከሻዋን ይዘው አነሷት፤ እጃቸው አፈር ነበር።

«እማማ፣ ዛሬ ጉሮሮዎን አሞዎታል እንዴ?»

«ማን ነገረሽ? ደህና ነኝ።»

«ድምፅዎ ወርዶብኝ ነዋ።»

«አልወረደም። ድምፄ ይኸው ነው።»

«በሰርግ የሚያወጡትስ?»

እታለማሁ መቆፈሪያቸው ላይ ተደገፉ። «እሱማ የጄኔሬተር ድምፄ ነው» አሉ። «ያ ጉድ ጆሮዬ ሥር እየጮኸ እኔ ዝቅ ብል ማን ይሰማኛል? አንቺም ሰቀልሽኝ፣ እኔም ተሰቀልኩ።»

«በየሰርጉ እኮ ነው የሰቀልኩዎ።»

«በየሰርጉ። ሰርግ ውዬ ስመለስ ሁለት ቀን ለጉሮሮዬ ተልባ ስጠጣ ነው የምሰነብተው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ኦርጋኑ ከዚያ የሚጀምር መስሎኝ ነዋ። የዕቃውን ጠባይ የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

ዘውድነሽ የድንቹ ከረጢት ላይ ተቀመጠች። እሷ ቦታው የሴትዮዋ ነው ብላ ስትሰቅል፣ እሳቸው ቦታው የኦርጋኑ ነው ብለው ሲሰቀሉ፣ ሁለቱም ተከባብረው ዓመታት ሄደዋል። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ስለ ፒያኖው ነገረቻቸው፤ መጫኛ እንደሌለው፣ ጣቷ እምቢ እንዳለ፣ ክፍሉ ሊሄድባት እንደነበረ።

«እና አልቻልኩም ልትዪኝ ነው ይሄን ሁሉ ጭቃ ስታቦኪ የመጣሽው?»

«አዎ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ከሚቆፍሩበት ድምፅ አይንቀሳቀሱብኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ድንች ቋጥረው ሰጥተው ሸኟት።

በልምምዱ ቀን እታለማሁ አዳራሹ ድረስ መጡ። ፒያኖው ከስልኩ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ከዕድሜ ብዛት ሁሉም ቁልፍ አብሮ ወርዷል። እታለማሁ አንድ ጊዜ ሰምተው ራሳቸውን አስተካከሉ፤ ይቺ ለእሳቸው ምንም አይደለችም። ብሥራት መጨረሻው ረድፍ ላይ ሄዶ ቆመ፤ ያለ ድምፅ ማጉያ ቃል በቃል ሰማሁ አለ። ሶስና እጥፋቷን ያለ ስህተት አለፈቻትና «እንዴ፣ ቀላል ነው እኮ» አለች። ዘውድነሽ ያን ምሽት እራቷን በልታ ተኛች፤ ከሰነበተባት ሁሉ ጋር ሲተያይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የምረቃው ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ከወረዳ የመጡ አሉ፣ ከገጠር በእግራቸው የመጡ አሉ፣ ፈረሳቸውን ውጭ ያሰሩ አሉ። ንግግር ተደረገ። ሁለተኛው ተናጋሪ መካከል ላይ ሳሉ መብራት ጠፋ። አቶ ምንይችል ተዘጋጅተው ነበር፤ ኮሚቴያቸው ጄኔሬተር ተከራይቶ ከመድረኩ ጀርባ፣ ያ ክፍል ውስጥ አስቀምጧል። አንድ ጊዜ ገመዱን ሳቡት፣ ተነሣ። መብራት መጣ፣ ድምፅ ማጉያው መጣ፣ ጩኸቱም መጣ። የመድረኩ ሳንቃ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተናጋሪው ጨረሱ። የዘውድነሽ ተራ ደረሰ። ከሶስና ጋር ፒያኖው ፊት ተቀመጡ፣ እታለማሁ በጎናቸው ቆሙ፣ ተቀባዮቹ ልጆች ከኋላ። መሸኛው የሚጀምረው በዘፋኟ ብቻ ነው፤ ፒያኖው በሁለተኛው ሐረግ ይገባል። እታለማሁ አየር ሳቡ። ጄኔሬተሩ ጆሯቸው ሥር ይጮሃል።

የወጣው የጄኔሬተር ድምፃቸው ነው።

ዘውድነሽ ገና በመጀመሪያው ቃል አወቀችው፤ ሦስት ወደ ላይ። ሁለተኛው ሐረግ ሲደርስ ሶስና ግን ጥቁሮቹን ተጫነች፤ ፒያኖና ዘፋኝ እንደ ሁለት የማይተዋወቁ በሬዎች ተጎተቱ። ከፊት ረድፍ አንዱ ሳቀ። የሶስና እጅ ወደ እንጨቱ ጥግ ሲሄድ ዘውድነሽ አየችው፤ የራሷም እዚያው ነበር። ሁለት እጅ አንድ ባዶ እንጨት ላይ። ምንይችል አንገታቸውን ወደ ብሥራት አዙረው አንድ ነገር ይላሉ።

ዘውድነሽ እጇን አነሣችና ቆመች።

«ይቅርታ» አለች ለሕዝቡ። «ከመጀመሪያው እንጀምራለን።» ወደ መድረኩ ጫፍ ሄደች። «ብሥራት፣ ጄኔሬተሩን አጥፋልኝ።»

«ልጄ» አሉ ምንይችል ከወንበራቸው፣ «መብራት እኮ የለም።»

«ፒያኖው መብራት አይፈልግም ጋሼ። እማማ እታለማሁም አይፈልጉም። መስኮቱን ብቻ ክፈቱልን።»

ብሥራት የምንይችልን ፈቃድ አልጠበቀም፤ ሮጠ። ጄኔሬተሩ ሁለት ጊዜ አስሎ ቆመ። አምፖሎቹ ጠፉ። መስኮት የሚከፍቱ ሰዎች ተነሡ፤ የጥቅምት ብርሃን ወለሉ ላይ ወደቀ። ውጭ ባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ፈረስ ሲያናፋ፣ ከኋላ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማ። ከዚያ እነሱም ዝም አሉ።

«እፎይ» አሉ እታለማሁ፣ ለራሳቸው ያህል። አዳራሹ ሁሉ ሰማቸው።

እንደገና አየር ሳቡና ጀመሩ፤ ድንች በሚቆፍሩበት ድምፅ። ወፍራም፣ የረጋ፣ ከደረት። ዘውድነሽ በሁለተኛው ሐረግ ገባች፤ ጥቁሮቹ ከእታለማሁ ድምፅ ሥር ተነጠፉ። ሶስና ከታች ተሸከመች። እጥፋቷ መጣች፣ ሄደች። ሦስተኛው ሐረግ ላይ ተቀባዮቹ ልጆች ብቻ አልነበሩም፤ ከገጠር የመጡት ሴቶች ከወንበራቸው ይቀበሉ ነበር፣ ለጥቀውም ወንዶቹ። ሴትዮዋን በየሰርጉ የሰሙ ሰዎች እንኳ በዚህ ድምፅ ሰምተዋቸው አያውቁም፤ ጎረቤቶቻቸው ብቻ ናቸው በየማሳው የሚያውቁት፤ እነሱም «ይኸውላችሁ፣ የኛዋ» እያሉ ግራና ቀኝ ይጎሻሸሙ ነበር።

ሲያልቅ ከእልልታው የተነሣ ፒያኖው ራሱ አስተጋባ። ዘውድነሽ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

ምንይችል ሕዝቡ ሲወጣ ጠብቀው መጡ። ፒያኖውን እንደገና ዞሩት።

«ናፍጣ አይጠጣም ማለት ነው» አሉ።

«አይጠጣም ጋሼ።»

«መብራትም አይፈልግም።»

«አይፈልግም።»

«ትንሽ አምፖል አለችው እንኳ» አለ ነጋ ከኋላ። «የጫጩት።»

ዘውድነሽ በክርኗ ጎሸመችው። ምንይችል አልሰሙም ወይ ያልሰሙ መሰሉ፤ ከኪሳቸው የክፍሉን መክፈቻ አውጥተው በእጇ አስያዟት። «ጄኔሬተሩን ግን አስወጡ» አሉ እየሄዱ። «ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?» እዚያ ያስገቡት ራሳቸው እንደነበሩ ማንም አላስታወሳቸውም።

አሁን ክፍሉ ውስጥ ፒያኖው፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና የዘውድነሽ ኦርጋን አሉ። ኦርጋኑ ላይ ትራንስፖዟ በፕላስተር ተሸፍናለች፤ የምትገለጠው ለሰርግ ብቻ ነው። ልጆቹ እያንዳንዱን ዘፈን መጀመሪያ ከጥቁሮቹ፣ ከዚያ ከሌላ ቦታ፣ ከዚያም ከሌላ ቦታ ይጫወታሉ። ሦስት ወደ ላዩን ዘውድነሽና ሶስና አብረው ነው የተማሩት፤ ቀድማ የቻለችው ሶስና ናት፤ ይህንንም ለሚሰማት ሁሉ ትናገራለች። አዲስ ዘፋኝ ሲመጣ ዘውድነሽ አስቀድማ «ቤትዎ ሥራ ሲሠሩ እንዴት ነው የሚዘፍኑት?» ብላ ትጠይቃለች። ሰርግ ሲጠሯት ደግሞ ረጅም ገመድ ይዛ ትሄዳለች፤ ጄኔሬተሩ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጭድ ክምሩ ወዲያ ይቀመጣል። እታለማሁ ተልባ መጠጣት ትተዋል።

ግራ እጇ ግን አልተማረም። ከመጀመሯ በፊት ዛሬም ወደ ጥግ ይሄዳል፤ እንጨቱን ሦስት ጊዜ ነካ ነካ አድርጎ ይመለሳል። ልጆቹ አይተው ያዙት። ባለፈው ሰሞን ከዳንግላ አንዲት እናት ልጇን ልታስመዘግብ መጥታ ስድስት ተማሪዎች በየተራቸው እንጨቱን ሦስት ጊዜ እየነኩ ሲጀምሩ አየች።

«ይሄ ምንድነው?» ብላ ሶስናን ጠየቀቻት።

«ፒያኖ እንደዚህ ነው የሚጀመረው» አለቻት ሶስና።

ሴትዮዋ ወደ ልጇ ዞራ፣ «አየሽ? ሦስት ጊዜ» አለቻት። ዘውድነሽ ልታርማቸው አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ተወችውና ልጅቱን ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት።